ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለው ቤት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ቤታችን፣ ስለ ትዳራችንና ስለ ልጆቻችን ነው። ዛሬም ከቤት አንወጣም። ነገር ግን የምንገባበት ቤት አገሩም ዘመኑም ሩቅ ነው። የቤቱ አባወራ መጋቢ ነበረ፤ ኋላም የሕዝብ ተወካይ ሆነ። ኦወን ላቭጆይ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ታሪኩን ከመካከሉ ልጀምር። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1859 ነው። በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት ተሰብስቧል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ሰው እንደ ከብት ይሸጥና ይለወጥ ነበር። የሰሜን ግዛቶች ባርነትን ቢከለክሉም በ1850 የወጣው ሕግ እነርሱንም አሥሮ ይዟቸዋል። ከአሳዳሪው ያመለጠን ሰው የደበቀ ወይም ያሸሸ ሁሉ እስከ 1000 ዶላር መቀጮና እስከ 6 ወር እስራት ይጠብቀዋል። በዚያን ቀን ከኢሊኖይ ግዛት የተመረጠው ኦወን ላቭጆይ ለመናገር ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ «ባሪያ ሌባ» እያሉ ይሰድቡት ነበርና ስለዚሁ መልስ ሰጠ። ነገሩን አልካደም፤ አላድበሰበሰምም። ስሙን በሙሉ ጠራ። የሚኖርባትን ፕሪንስተን የምትባል ከተማ ጠራ። ቤቱ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሦስት አራተኛ ማይል ላይ እንደሚገኝ ተናገረ። ወደ ደጁ መጥቶ እርዳታ የሚለምነውን ኮብላይ ሁሉ እንደሚረዳም አስታወቀ። ለተራበ እንጀራ፣ ቤት ለሌለውም መጠለያ እንዳይሰጥ የቤቱን ደፍ ተሻግሮ ሊከለክለው የሚችል ኃይል እንደሌለ ለባርነት ጌቶች ነገራቸው።

እስቲ አስቡት። ሕግ አውጪው ሕግ ማፍረሱን በሕግ አውጪዎች ፊት ከነአድራሻው ተናገረ። ሦስት አራተኛ ማይል አንድ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነው፤ ሊይዘው ለሚፈልግ ሰው በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

እኔ ግን ይህን ንግግር ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቤ የምትመጣው ሌላ ሰው ናት። ኦወን አድራሻውን ሲናገር የጠራው የራሱን ስም ነው። የዚያ ቤት በር በሌሊት ሲንኳኳ ግን እሳቱን የምታያይዘው፣ ከልጆቿ ብርድ ልብስ አንዱን አንሥታ ለእንግዳ የምታነጥፈው፣ ጠዋትም ለጎረቤት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና የምትታየው ማን ናት? ዩኒስ ትባላለች። ስሟ የጢሞቴዎስ እናት ስም ነው፤ እኛ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኤውንቄ የምንላት ማለት ነው። ወደ እርሷ እንመጣለን። አስቀድመን ሰውየው ከየት እንደ ተነሣ እንይ።

ኦወን ጃንዋሪ 6 ቀን 1811 በሜይን ግዛት አልቢየን በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ዳንኤል የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። እናቱ ኤልሳቤጥ ልጆቻቸውን በእርሻና በጸሎት መካከል አሳደጉ። የበኩር ልጃቸው ኤላይጃ ይባላል፤ በእኛ አጠራር ኤልያስ መሆኑ ነው። ኦወን ቦውደን ኮሌጅ ገብቶ ሲማር ሳለ በ1833 አባቱ ሞቱ፤ ትምህርቱንም አቋረጠ። ሕግ ቢያጠናም አልሠራበትም። በ1836 ወደ ምዕራብ ተጉዞ በኢሊኖይ ግዛት በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ አልተን ሄደ። ታላቅ ወንድሙ ኤላይጃ በዚያ አገልጋይና ጋዜጠኛ ነበርና ከእርሱ ዘንድ ሆኖ ነገረ መለኮት ሊማር ነው።

ኤላይጃ ጋዜጣውን አስቀድሞ ያሳትም የነበረው ወንዙን ተሻግሮ ባለው በሴንት ሉዊስ ነበር። በ1836 በዚያች ከተማ አንድ ጥቁር ሰው በሕዝብ መንጋ ከዛፍ ጋር ታስሮ በእሳት ተቃጠለ። ኤላይጃ ይህን ጽፎ አወገዘ። ማተሚያ ቤቱ ተሰባበረበትና ወደ አልተን ተሻገረ። አልተን ባርነት በተከለከለበት ግዛት ያለች ናት፤ ሆኖም ከዚያ ያገኘው ዕረፍት የለም። የማተሚያ መሣሪያውን ወንዝ ውስጥ ይጥሉበታል፤ እርሱ ሌላ ያዝዛል፤ ያንንም ያጠፉበታል። በ1837 ወደ ሚስቱ እናት ቤት በሄደበት ወቅት ሰካራሞች ደርሰውበት ሊወስዱት ሲሉ፣ ሕመም ላይ የነበረችው ሚስቱ ሴሊያ በመካከላቸው ሰንጥቃ ገብታ ባሏን አንቃ ይዛ በእጇ ታገለቻቸው። እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ እነዚያ ሰዎች እናታቸውን አላሰቡ ይሆን እላለሁ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7 ቀን ሌሊት አራተኛው ማተሚያ በወንዙ ዳር ባለ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መንጋው መጋዘኑን ከበበ። መሰላል አስደግፈው ጣሪያውን ሊያቃጥሉ ሞከሩ። ያንን ለማስቆም የወጣው ኤላይጃ በጥይት ተመትቶ ሞተ። የተቀበረው ሠላሳ አምስት ዓመት በሞላበት በልደቱ ቀን ነው። እርሱና ጓደኞቹ መሣሪያ ይዘው መጠበቃቸው በዚያን ጊዜ የነበሩትን ክርስቲያኖች እንኳ ከፋፍሏል። እኔም ብሆን መጋቢ ጠመንጃ ይዞ መቆሙ ልቤን አያሳርፈውም። ነገር ግን ገዳዮቹ አንዳቸውም እንዳልተቀጡ ሳስብ ፍርዴን አዘገያለሁ።

ኦወን በዚያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ በወንድሙ አስከሬን አጠገብ ተንበርክኮ በወንድሙ ደም የተረጨውን ጉዳይ ፈጽሞ እንደማይተው ለእግዚአብሔር ተሳለ። ስእለት ቀላል ነገር አይደለም። መክብብም ከመሳልህ በፊት አስብ ይላል። የዚህ ሰው ስእለት ግን ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ፣ እስከ ሞቱ ቀን ድረስ ተከፈለ።

የመጀመሪያው ፈተና ወዲያው መጣ። በኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ለቅስና ሊሾም ሲል ጳጳሱ ፊላንደር ቼዝ ስለ ባርነት መወገድ ላለመናገር ቃል እንዲገባ ጠየቁት። እንቢ አለና ሹመቱ ቀረበት። በ1838 ወደ ፕሪንስተን ሄዶ በሐምፕሻየር ኮሎኒ ኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ማገልገል ጀመረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ታሪኳ ደስ ይላል። አባላቷ ከማሳቹሴትስ ወደ ምዕራብ ለመሰደድ ሲነሡ በ1831 ገና ከአገራቸው ሳይወጡ ቤተ ክርስቲያናቸውን መሥርተው፣ ይዘዋት ነው የተጓዙት። ቤት ሳይሠሩ፣ እርሻ ሳያርሱ ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ምእመን እንኳ ታዲያ ስለ ባርነት መስማት አልወደደም። ኦወን ሲሰብክ እያዩት ተነሥተው የሚወጡ ነበሩ። እርሱም፣ እንደሚባለው፣ እስክትወዱት ድረስ እሰብከዋለሁ፤ ከወደዳችሁት በኋላ ደግሞ ስለምትወዱት እሰብከዋለሁ ብሎ ከመድረክ መለሰላቸው። እኛ የመጋቢ ሚስቶች እንዲህ ዓይነት ስብከት ከተሰበከ በኋላ ያለውን ሳምንት እናውቀዋለን። መንገድ ላይ ሰላምታ የሚያሳጥሩ ሰዎች አሉ። ለበዓል ይመጣ የነበረው እንግዳ ይቀራል። ኦወን ግን በዚያች መድረክ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቆየ። ስለዚህ በመጨረሻ የወደዱት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወደ ዩኒስ ልመለስ። ኦወን ፕሪንስተን ሲደርስ በበትለር ዴንሃም ቤት ተቀምጦ ነበር። ዩኒስ የዴንሃም ሚስት ናት። ዴንሃም በ1841 ሞተና ከልጆቿ ጋር መበለት ሆና ቀረች። በጃንዋሪ 1843 ኦወንና ዩኒስ ተጋቡ። ያ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለው ባለ ብዙ ክፍል የእንጨት ቤት የእርሷ ቤት ነበር። ኦወን በኮንግረስ «ደጄ» ያለው በር በጋብቻ ያገኘው በር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ከደቡብ እስከ ካናዳ በሚዘረጋው ስውር መንገድ ላይ ይህ ቤት አንዱ ማረፊያ ሆነ። ያንን መንገድ ሰዎች «የምድር ውስጥ ባቡር» ይሉት ነበር። ሐዲድም ፉርጎም የለውም፤ ኮብላዮችን ከቤት ወደ ቤት የሚያሻግሩ ሰዎች ናቸው። ጣቢያዎቹ የሰው ወጥ ቤቶችና ጎተራዎች ናቸው።

ከሠርጋቸው አራት ወር በኋላ፣ በሜይ 1843፣ መጋቢው ተከሰሰ። የክሱ ምክንያት አግነስና ናንስ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። ስለ ችሎቱ የተጻፉ ታሪኮች እንደሚሉት ጥፋቱ የተዘረዘረው እንዲህ ነው፤ በቤቱ ማኖር፣ ማብላት፣ ማልበስና ማጽናናት። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን የምታውቁ ሁሉ እንደ እኔ ሁለት ጊዜ ሳታነብቡት አትቀሩም። ዐቃቤ ሕጉ ያንን ምዕራፍ አስቦ አልጻፈው ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ጌታ በቀኙ ለሚያቆማቸው የሚላቸውን ነገር ወንጀል ብሎ ቢከስስ ከዚህ የተለየ ቃል አያገኝም።

እስቲ ደግሞ ከአዲሷ ሙሽራ በኩል እንየው። አንድ ባል ቀብራለች። የሁለተኛው ትዳሯ ገና በወራት ይቆጠራል። የተከሰሰው እርሱ ነው፤ ግን ያበላው ማን ነው? ያለበሰውስ? እንጀራው የተጋገረው በማን እጅ ነው? ክሱ ላይ የተጻፉት አራቱም ሥራዎች በዚያ ዘመን የሴት ሥራዎች ናቸው። ባሏ ለሴቶች ማኅበር ንግግር አድርጎ አይደለም የተከሰሰው፤ በእርሷ ቤት በሆነው ነገር ነው። ዩኒስ በሩን ብትዘጋ ኖሮ ኦወን ስእለቱን ይዞ በመድረክ ላይ ብቻውን በቀረ ነበር። አልዘጋችውም። ከፍርዱ በኋላም ቤቱ ክፍት እንደ ነበረ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ባሏ በዋሽንግተን መሰከረ።

ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር ተቀመጠ። ከመጀመሩ በፊት አንድ የባርነት ደጋፊ ዐቃቤ ሕጉን ፍሪድሊን ይህን ሰባኪ አስፈርደህ እስር ቤት አስገባልን ቢለው፣ ፍሪድሊ እኔ የምፈራው እስር ቤት ሳይሆን ኮንግረስ እንዳናስገባው ነው በሚል መንፈስ እንደ መለሰለት ይተርካሉ። ትንቢት ተናጋሪ ሆነ ማለት ነው። ጠበቃው ጄምስ ኮሊንስ የተከራከረበት ነጥብ ይህ ነው፤ ሴቶቹን ያመጣቸው አሳዳሪ በገዛ ፈቃዱ በነጻው በኢሊኖይ ምድር በኩል ሲያሳልፋቸው ነጻ ሆነዋል፤ ነጻ ሰውን ማስተናገድም ወንጀል ሊሆን አይችልም። ዳኛው ጆን ካተን ሕጉን ለፈራጆቹ ሲያስረዱ ይህንኑ አጸኑ። ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ጥፋተኛ አይደለም አሉ።

አሁን ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ በልባችሁ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ሮሜ 13ስ? ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ የሚለውስ? የባርነት ደጋፊዎችም ይህንኑ ጥቅስ እየጠቀሱ በእርሱ ላይ ይሰብኩ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ደግሞ ከጌታው ኮብልሎ ወደ አንተ የመጣውን ባሪያ አሳልፈህ አትስጥ ወደሚለው ወደ ዘዳግም 23 ይሄዱ ነበር። እኔ በጥቅስ ጦርነት ማን እንዳሸነፈ አልዳኝም። የኦወንን አካሄድ ግን ተመልከቱ። ሲከሰስ አልሸሸም፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቆመ። የፈረሰው ሕግ ያስቀጣው እንደ ሆነ ለመቀጣት ዝግጁ ሆኖ አድራሻውን ሰጠ። ሕጉ ክፉ ነው ካለ በኋላም ማጉረምረም ብቻ አልሆነም ሥራው፤ ሕግ ወደሚወጣበት ቤት ለመግባት ዓመታት ደከመ። ሕግን በጓሮ የሚያፈርስ ሰውና ሕግን በአደባባይ እንቢ ብሎ ቅጣቱን የሚጠብቅ ሰው ለእኔ አንድ አይደሉም።

ወደ ሕግ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር አልነበረም። በ1840ዎቹ ባርነትን በሚቃወሙ ትንንሽ ፓርቲዎች ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ለኮንግረስ ተወዳድሮ ወደቀ። እሑድ ይሰብካል፤ በሳምንቱ በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞረ ይናገራል፤ እንቁላል ይወረወርበታል፤ ይመለሳል። በ1854 የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት መኸር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አዲሱን የሪፐብሊካን ፓርቲ በግዛቱ ለማቋቋም ሲነሣ አንድ ጠበቃ አብሯቸው እንዲቆም ፈለጉ። ጠበቃው አብርሃም ሊንከን ነበር። ሊንከን ባርነት እንዳይስፋፋ ይታገላል እንጂ እንደ ላቭጆይ ካሉ «አክራሪዎች» ጋር መታየት አልፈለገም። በስብሰባው ቀን ሌላ ቦታ ያለውን የፍርድ ቤት ጉዳይ ለመከታተል ከከተማዋ ወጣ። ነገሩ የፖለቲካ ጥንቃቄ ነበር።

በ1856 ላቭጆይ ለኮንግረስ ዕጩ ሆኖ ሲቀርብ የተሸነፈው ተፎካካሪው የሊንከን የቅርብ ወዳጅ ነበር። ሊንከን ዜናውን ሲሰማ ዓይኑ እንደ ጨለመበት ለጓደኛው ጽፏል። ነገር ግን ወደ አካባቢው ሄዶ ሕዝቡ ለላቭጆይ ያለውን ፍቅር ካየ በኋላ፣ ሌላ ዕጩ እንዳያቆሙበት ቅር የተሰኙትን ወዳጆቹን መከረ። ላቭጆይ ተመረጠ። በማርች 1857 የኮንግረስ ዘመኑ ጀመረ፤ ሦስት ጊዜም ደግመው መረጡት። መድረኩን ለሌላ አስረክቦ ሄደ።

አገልጋይ ጥሪውን ትቶ ወደ ፖለቲካ ይግባ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙዎቹ ባይገቡ እመርጣለሁ። ከመድረክ ወደ ምክር ቤት የሚሄድ ሰው አንዳንዴ መድረኩን እንደ መሰላል ብቻ ይጠቀምበታል። የዚህኛው ግን የተለየ ይመስለኛል፤ በመድረክ ሲናገር የነበረውን እዚያም ያንኑ ተናገረ፤ የሚያስከፍለውንም ከፈለ።

ጉድለት አልነበረበትም እንዳትሉ። ምላሱ ስለታም ነበር። ኤፕሪል 5 ቀን 1860 ስለ ባርነት አረመኔነት ባደረገው ንግግር እየተናገረ፣ እጁን እያወናጨፈ ወደ ደቡብ ተወካዮች መቀመጫ ቀረበ። የቨርጂኒያው ሮጀር ፕራየር ተነሥቶ ወዲህ አታልፍም አለው። የሁለቱም ወገን አባላት እየተጋፉ መሐል አዳራሹን ሞሉት፤ ክቡር ምክር ቤት የገበያ ጠብ መሰለ። በነገሩ ምክንያት ፕራየርና የዊስኮንሲኑ ተወካይ ጆን ፖተር ለግጥሚያ እስከ መፈላለግ ደረሱ፤ ፖተር ግጥሚያው በጩቤ ይሁን ስላለ ግን ቀረ። ኦወን ከዚህ በኋላ ለዩኒስ በጻፈው ደብዳቤ እሳትና ዲን እንዳዘነበባቸው፣ ያ ምን እንደሚመስል እርሷ እንደምታውቀው፣ በመድረክም ሆነ በምርጫ ቅስቀሳ ከዚህ የከረረ ነገር ተናግሮ እንደማያውቅ ነገራት። «አንቺ ታውቂዋለሽ» የምትለዋ ነገር ፈገግ ታሰኘኛለች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ትዳር ነው፤ ባልየው ምክር ቤቱን አናውጦ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወራው ለሚስቱ ነው። እርሷም የዚያን ሰው እሳት ከስንት ዓመት ጀምሮ በማዕድ ላይ ለምዳዋለች።

ሊንከን በ1860 ፕሬዝዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ጦርነቱም መጣ። የላቭጆይ የሕግ አውጪነት ፍሬ የታየው በእነዚህ ዓመታት ነው። በጁላይ 1861 ያመለጡ ባሪያዎችን ይዞ መመለስ የመንግሥት ወታደር ሥራ አይደለም የሚል ውሳኔ አቅርቦ ምክር ቤቱ አጸደቀለት። በማርች 1862 ወታደሮች እንዲህ እንዳያደርጉ በሕግ ተከለከሉ። በኤፕሪል 1862 ከዋና ከተማዋ ከዋሽንግተን ባርነት ሲወገድ ድምፁን ሰጠ። በጁን 1862 ገና ግዛት ባልሆኑት የአሜሪካ መሬቶች ሁሉ ባርነት እንዲቀር የሚያደርገውን ሕግ በምክር ቤቱ ይዞ ከተሟገቱት ዋነኛው ነበር። የገበሬ ልጅነቱንም አልረሳም፤ የእርሻ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆኖ በሜይ 1862 የግብርና መሥሪያ ቤቱን ያቋቋመውን ሕግ አሳለፈ። ያ መሥሪያ ቤት በኋላ የግብርና ሚኒስቴር ለመሆን በቅቷል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከሊንከን ጋር የነበረው ትዕግሥት ነው። ጓደኞቹ ፕሬዝዳንቱ ዘገየ፣ ባሪያዎቹን ለምን ዛሬውኑ ነጻ አያወጣም እያሉ ይነቅፉ ነበር። ላቭጆይ፣ ያ ችኩልና እሳት ሰው፣ ሊንከንን አንድ ፈረስ በጋሪው ላይ ጠምዶ ሌላውን ከኋላ በገመድ ከሚስብ ሰው ጋር አመሳሰለው። ፊተኛው ፈረስ ካልሮጥሁ ይላል፤ ኋለኛው አልሄድም ይላል። ፊተኛውን ቢለቀው የኋለኛው ገመዱን ይበጥሳል። እኔ በምፈልገው ፍጥነት ባይነዳም በአንድ መንገድ ላይ ነን፤ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው አላቸው። ፌብሩዋሪ 1864 ላይ፣ ታምሞ ሳለ፣ ለታዋቂው ፀረ ባርነት ጋዜጠኛ ለዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ስለ ሊንከን የሚሟገት ደብዳቤ ጻፈ። ትዳር ያላችሁ ሁሉ ይህን ነገር ሳትረዱት አትቀሩም። አብሮህ የሚሄደው ሰው ከአንተ ቀስ ቢል ዞሮ መሄዱ ነው ወይስ እየመጣ ነው? ይህን ለይቶ ማወቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ኦወን ላቭጆይ ማርች 25 ቀን 1864 በብሩክሊን ኒው ዮርክ አረፈ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 8 ቀን፣ ሴኔቱ ባርነትን ከመላው አሜሪካ የሚያስወግደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። እርሱ ያገለገለበት ምክር ቤት ደግሞ ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 አሳለፈው፤ በዲሴምበርም የአገሪቱ ሕግ ሆነ። ስሙን በመዝገቡ ላይ ሊያሰፍርበት የሚገባው ድምፅ ሲሰጥ ወንበሩ ላይ አልነበረም። አስከሬኑ ወደ ፕሪንስተን ተመልሶ በዚያ ተቀበረ። ቤቱ ዛሬም አለ፤ በ1997 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

የፕሪንስተን ሰዎች የመታሰቢያ ሐውልት ሊያቆሙለት ሲሰበሰቡ ለፕሬዝዳንቱ ጻፉ። ሊንከን ሜይ 30 ቀን 1864 መለሰላቸው። ከላቭጆይ ጋር የነበረው ትውውቅ የጀመረው ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ መከባበራቸው እያደገ መሄዱን ገለጸ። የእብነ በረዱ ሐውልት ይቁምለት፤ ነጻነትን ለሰው ሁሉ በሚወዱ ሰዎች ልብ ውስጥ ደግሞ ከእብነ በረድ የሚበልጠው ይቆምለታል የሚል ሐሳብ ነበረው መልሱ። ያ በ1854 ከስብሰባው ሹልክ ብሎ የወጣው፣ በ1856 ዓይኑ የጨለመበት ሰው፣ በፕሬዝዳንትነት በቆየባቸው አስጨናቂ ዓመታት ላቭጆይን ከወዳጆቹ ሁሉ ይልቅ ለጋስ ወዳጄ ቢለው ሌላውን ሰው እንደማይበድል በዚያ ደብዳቤ ጻፈ።